ከኮርኒሱ በላይ ያለው ምላስ

ጋሽ ላሜራ በአረጋውያን መኖሪያው ውስጥ መኖር ከጀመሩ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው፤ ከሕንፃው ጋር የተዋወቁት ግን ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ገና ጸጉራቸው ጥቁር፣ ጉልበታቸውም ታዛዥ ሳለ፣ ግድግዳው ሳይለሰን፣ መስኮቱም መስተዋት ሳይገባለት፣ የአየር ቱቦውን ከምድር ቤት እስከ ሦስተኛ ፎቅ የዘረጉት እሳቸውና ቀጮ የሚባል የሥራ ጓደኛቸው ነበሩ። ላሜራውን ለክተው፣ ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በትከሻቸው ተሸክመው ሰቀሉት። ያ ሁሉ ከሆነ ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፏል። ቀጮም ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ለእሳቸው የቀራቸው በሥራ ዘመናቸው የወጣላቸው ቅጽል ስም ነው። የመዝገብ ስማቸውን በዚያ ቤት የምታውቀው መድኃኒት የምታድለው ነርስ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ስትቸኩል «ጋሽ ላሜራ፣ አፍዎን ይክፈቱ» ነው የምትላቸው።

ሌሎቹ ከቁርስ በኋላ ራዲዮ ሲያዳምጡ እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ኮሪደር ለኮሪደር ይዞራሉ። ለአካል እንቅስቃሴ ነው ይላሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከኮርኒሱ በላይ አየሩ በቱቦው ውስጥ ሲሄድ የሚያሰማትን ቀጭን ሹሹታ ለማዳመጥ ነው። ሹሹታዋ ያንን ዘመን ትመልስላቸዋለች፤ የተቆረጠ ላሜራ ሽታን፣ የመዶሻ ድምፅን፣ መሰላል ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀልድ የማያልቅበት ቀጮን። አንዳንድ ጊዜ ቆም ብለው ወደ ላይ ያንጋጥጡና «አለህ?» እንደማለት በከዘራቸው ግድግዳውን መታ መታ ያደርጉታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታላቅ እህታቸውን ሊጠይቁ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። እህታቸው እትዬ እዚያው በምሥራቁ ክንፍ ይኖራሉ፤ እግራቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት ስለሆነ ከአልጋ የሚነሡት በሰው ድጋፍ ነው። ጋሽ ላሜራ ከአሳንሰሩ ወጥተው ወደ ኮሪደሩ ሲታጠፉ መሰላል ቆሞ፣ ከኮርኒሱም አንዱ ክፍል ተነሥቶ አዩ። መሰላሉ ላይ አንዲት ወጣት እስከ ደረቷ ኮርኒሱ ውስጥ ገብታለች። በቀኝ እጇ የላሜራ መቀስ ይዛ የቱቦውን ሆድ ልትበሳ ነው።

«አንቺ! ተይ! እንዳትነኪው!»

ወጣቷ መቀሱ ከእጇ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት። ጎንበስ ብላ ወደ ታች አየች።

«ምነው አባባ? አስደነገጡኝ እኮ።»

«የደነገጥኩትስ እኔ ነኝ! ደህና ቱቦ ይበሳል? ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የመርፌ ቀዳዳ ታህል አየር አፍስሶ አያውቅም። ማን ላከሽ?»

ወጣቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ከመሰላሉ ወረደች። ሽማግሌ ቆሞ ሲናገራት ከላይ ሆና መመለሱን ነውር ስለቆጠረችው ነው፤ ይህቺም ትንሽ ነገር የጋሽ ላሜራን ቁጣ በግማሽ አበረደችው።

«የሕንፃ እሳት ደኅንነት ተቆጣጣሪ ነኝ» አለች ጓንቷን እያወለቀች። «የቤቱ ኃላፊዋ ናቸው የጠሩኝ። በግድግዳው ውስጥ ቱቦው የሚያልፍበት ቦታ ላይ የእሳት መዝጊያ መኖር አለበት። ልየው ብል እጅ የማስገባበት መስኮት አጣሁ። ስለዚህ ትንሽ በር ልከፍትለት ነው፤ ኋላም በደንብ በሚገጥም ክዳን እዘጋዋለሁ። ግን እርስዎ ቱቦውን እንዴት አወቁት?»

«እንዴት አወቁት?» ጋሽ ላሜራ ፈገግታቸው መጣባቸው፤ ሊደብቁት ሞክረው አልሆነላቸውም። «የሠራሁት እኔ ነኛ። እኔና ጓደኛዬ።»

የወጣቷ ፊት በራ። «ጠርዙን ሁሉ ወደ ውስጥ ያጠፋችሁት እናንተ ናችሁ? ከጠዋት ጀምሮ እጄን እየሰደድኩ አንዴ እንኳ አልቆረጠኝም። በሌላ ሕንፃ ቢሆን ይኼኔ ጣቴ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር።»

ጋሽ ላሜራ ወደ ተከፈተው ኮርኒስ አንጋጠጡ። ጠርዙን ያጥፍ የነበረው ቀጮ ነው። «ከእኛ በኋላ እጁን የሚሰድ ሰው አለ» ይል ነበር፤ እሳቸው ደግሞ «ሥራ አታጓትት» እያሉ ይቆጡታል። ያ ከኋላ የሚመጣ ሰው ይኸው ዛሬ መጥቶ ፊታቸው ቆሟል።

«በይ ተቀመጪ» አሉ በመጨረሻ፣ በኮሪደሩ ወደሚገኘው አግዳሚ ወንበር እየጠቆሙ። «ተነጋግረን እንግባባ። የምትዪውን መዝጊያ አውቀዋለሁ። እኛ ምላስ ነበር የምንለው። ሥዕሉ ላይ ስላለ አስገባነው እንጂ ለምን እንደሆነ የነገረን የለም። አለቃችንን ብንጠይቀው ‹ሥዕሉ ያዛል፣ አስገባ› አለን። አስገባን። ከዚያ ወዲህ ማንንም አልበላ፣ ማንንም አልጠቀመ። ታዲያ ምን ቆርጦሽ ነው የምትቀሰቅሽው?»

«እሳት ሲነሣ እንዲዘጋ ነው የተሠራው» አለች። «ምላሱን ክፍት አድርጋ የያዘችው አንዲት ትንሽ ማያያዣ ናት። ቱቦው ውስጥ ሙቀት ሲበረታ ማያያዣዋ ትቀልጣለች፤ ያኔ ምላሱ ላይ ያለው የብረት ሞላ ገፍቶ ያወርደዋል። እሳቱም ጭሱም ከግድግዳው ወዲያ አያልፍም።»

«እዚህ ቤት እሳት ተነሥቶ አያውቅም።»

«እሰየው፤ ለወደፊቱም አያሳየን። ግን ምድር ቤት ልብስ ማድረቂያ ማሽን አለ፤ ወጥ ቤትም አለ። እዚህ ፎቅ ላይ ኦክስጅን ተሰክቶላቸው የሚተኙ ሰዎችም አይቻለሁ።»

«ግድግዳው ኮንክሪት ነው፤ አይነድም። ጭስ ሲኖር የሚጮኸውም ነገር እዪው፣ ከአናታችን ላይ ተለጥፏል። ማጥፊያውም ቀይ ለብሶ በየማዕዘኑ ቆሟል። ይኼ ሁሉ ዘበኛ እያለ ምላሱ ምን ይጨምራል?»

ወጣቷ አልተቻኮለችም። ጋሽ ላሜራ በልባቸው «ይህቺ ልጅ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ ታውቃለች» አሉ።

«አባባ፣ በዚህ ክንፍ ስንት ሰው ይኖራል?»

«አሥራ ስምንት።»

«ራሱን ችሎ ደረጃ የሚወርደውስ?»

ጋሽ ላሜራ በጣቶቻቸው መቁጠር ጀመሩ። የቀድሞዋ መምህርት፤ አዎ። ጡረተኛው ሾፌር፤ እሱም ቀስ ብሎ። መንታዎቹ እህትማማች… አንዷ ብቻ። አራተኛ ሲፈልጉ ፈልገው አጡ። «ሦስት» አሉ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ።

«የማስጠንቀቂያው ጩኸት እሳት መነሣቱን ይነግረናል፤ ሰው ግን አይሸከምም። እሳት ሲኖር አሳንሰር አይሠራም። ነርሶቹ ሁለት ወይ ሦስት ናቸው፤ አሥራ አምስት ሰው በደረጃ አያወርዱም። እንዲህ ባለ ቤት ስለዚህ ሰው ወደ ታች አይወርድም። አልጋው ተገፍቶ፣ ከዚያ ትልቅ በር ወዲያ፣ ከግድግዳው ጀርባ ነው የሚቆየው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪደርሱ። ግድግዳው የሚሰጠን ጊዜ ነው። ያ ግድግዳ ግን ከኮርኒሱ በላይ ቀዳዳ አለው፤ ያ ቀዳዳ የእርስዎ ቱቦ ነው። ምላሱ የቀዳዳው በር ነው።»

እዚህ ላይ በጋሽ ላሜራ ለመፍረድ መቸኮል ደግ አይደለም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የኮራበትን ሥራ «ቀዳዳ» ሲሉበት ይከፋዋል። ከዚህም በላይ ሽማግሌ የሚፈራው ለውጡን ብቻ አይደለም፤ አንዱን ነገር ከነካኩበት ያ ያለፈ ዘመኑ ሁሉ እንዳይናድበት ይሰጋል። ጋሽ ላሜራም የቀራቸውን የመጨረሻ መከራከሪያ አወጡ።

«እሺ ይሁን። ግን ምድር ቤት ያለ ጭስ ሦስት ፎቅ ወጥቶ እህቴ ክፍል ድረስ ይመጣል ካልሽኝ አላምንሽም። የእኔ ቱቦ አያፈስም አልኩሽ!»

«ስለማያፈስ ነው እኮ አባባ» አለች በለሆሳስ። «የሚያፈስ ቢሆን መንገድ ላይ ይበተን ነበር። ጥሩ አድርጋችሁ ስለሠራችሁት ጭሱን ሳያባክን ያደርሰዋል። ካላመኑኝ ላሳይዎት።»

ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ማሽን አወጣች። የቲያትር ቤት ሰዎች መድረክ ላይ የሚለቁትን ዓይነት ጭስ የምታወጣ ናት። ወጣቷ ኃላፊዋን አስፈቀደች፤ ማስጠንቀቂያው ሰውን በከንቱ እንዳያሸብር ለዘበኛውና ለነርሶቹ ነገረች። ጊዜው ፀሐይ የሚሞቅበት ስለነበር የክንፉ ነዋሪዎች ከነአልጋቸውና ከነተሽከርካሪ ወንበራቸው ወደ ሰገነቱ ወጡ። እትዬም ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «ደግሞ ምን አመጣህብን?» እያሉ ተገፍተው ሄዱ።

ጋሽ ላሜራ ብቻቸውን በእህታቸው ክፍል ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወጣቷ አየሩን የሚገፋውን ማራገቢያ አስጠፍታ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ክፍሉ ጸጥ አለ። አልጋው ባዶ ነው፤ ትራሱ ላይ የእትዬ ራስ የተወው ጎድጓዳ ገና አልተሞላም። አጠገቡ መነጽራቸው፣ የውኃ ብርጭቆና የሞቱት ባላቸው ፎቶግራፍ አሉ። የአየር መግቢያው ወንፊት ከትራሱ ትይዩ ኮርኒሱ ላይ ነው። ልኩን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። «የተኛ ሰው ንጹሕ አየር በቀጥታ ያግኝ» ብለው፣ ቀጮም ተስማምቶ።

አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ጋሽ ላሜራ የግድግዳውን ሰዓት እያዩ ፈገግ አሉ። አራተኛው ደቂቃ ላይ ከወንፊቱ አንዲት ነጭ ክር ወረደች። ቀጥላ ሌላ። ከዚያ ክሩ ወፍሮ እንደ ሻሽ ተዘረጋና፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እዚያው እትዬ ራሳቸውን የሚያሳርፉበት ጎድጓዳ ላይ ተኛ።

ጋሽ ላሜራ ወደ አልጋው ተጠጉ። ጭሱ እንደማይጎዳ ያውቃሉ፤ ሆኖም እጃቸውን ዘርግተው ከትራሱ ላይ ይገፉት ጀመር። ይገፉታል፤ ተመልሶ ይመጣል።

ወጣቷ ስትመለስ ከዘራቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«መቀስሽን አምጪ» አሏት። «አንቺ የጀመርሽበት ቦታ ትክክል አይደለም። ላሜራው ከተገጣጠመበት ስፌት አንድ ስንዝር ወዲህ ነው የሚከፈተው፤ እዚያ ላይ ውጥረት የለም፤ ክዳንም በደንብ ይይዛል። እርሳስ ስጪኝና ኮርኒሱ ላይ አሳይሻለሁ።»

እሳቸው በከዘራ ጫፍ እየጠቆሙ፣ እሷ መሰላሉ ላይ ሆና ከፈተች። ለሙከራ ማያያዣዋን በእጇ አላቀቀቻት፤ ምላሱ መውደቅ ነበረበት። አልወደቀም። ባትሪዋን አብርታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ምን አገኘሽ?» አሉ ጋሽ ላሜራ ከታች።

«ታስሯል» አለች። «አንድ ሰው በሽቦ አስሮታል። ማያያዣዋ ለይስሙላ ናት፤ ሞላውም ቢገፋ፣ እሳትም ቢነድ አይወርድም። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች፣ አባባ፣ እውነቴን ነው፣ ደሜን ነው የሚያፈሉት።» በስልኳ ፎቶ አንሥታ ወርዳ አሳየቻቸው።

ጋሽ ላሜራ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ሽቦው ዝጓል። ሦስት ጊዜ ተጠምዝዟል፤ ጫፉም ሰው እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ተቀልብሷል። እንዲህ አድርጎ ሽቦ የሚቋጥር በዓለም ላይ ሁለት ሰው ነበር። አንዱ ሞቷል።

«ምነው አባባ? አመመዎት?»

«የለም… ቁርሴ አልተስማማኝም መሰል» አሉና ወደ ሰገነቱ አዘገሙ።

እትዬ ፀሐዩ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። የወንድማቸውን የእግር ኮቴ በሩቅ ይለዩታል።

«ፊትህ ጠቁሯል» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ሳታዪኝ?»

«ከዘራህ ነገረኝ። ተቀመጥ።»

ጋሽ ላሜራ አጠገባቸው ተቀመጡ። «እትዬ፣ እዚህ ልብስ አጣቢ ሳለሽ፣ አንድ ቀን አስጠርተሽኝ የመጣሁትን ታስታውሻለሽ?»

እትዬ ዓይናቸውን ገለጡ። «እንዴት እረሳለሁ? በዚህ ክንፍ አየር ጠፍቶ፣ አሮጊቶቹ አፋቸውን እንደ ዓሣ እየከፈቱ ‹ታፈንን› ሲሉ። የጥገናው ሰው ደግሞ አልነበረም። አንተና ቀጮ መጣችሁ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አየሩ እንደ ወንዝ ወረደ። አንዷማ እጅህን ይዛ ‹ዕድሜህ ይርዘም› እያለች አልለቅም ብላህ ነበር።»

«አዎ። ማያያዣዋ አርጅታ ተበጥሳ፣ ምላሱ ወድቆ መንገዱን ዘግቶ ነበር። እኛ ደግሞ መለዋወጫ አልነበረንም። ምላሱን አነሣንና በሽቦ አሰርነው፤ የተበጠሰችውንም ለስሙ መልሰን አንጠለጠልናት። ለጊዜው።»

«‹ለጊዜው ነው፤ ማያያዣው ሲገዛ ትጠሩኛላችሁ› ነበር ያልከው፤ ጆሮዬ ሰምቶሃል።»

«እነሱም አልጠሩኝ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሆነው እትዬ። ዛሬ ጭሱ ትራስሽ ላይ ሲተኛ በዓይኔ አየሁት። መንገዱን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።»

እትዬ ሻርፓቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ታች ግቢው ውስጥ አንድ ሰው ቅጠል ይጠርግ ነበር።

«ያን ቀን ሁላችንም የተደሰትነው በእውነት ነው» አሉ ቆይተው። «አየር የጠማው ሰው አየር አገኘ። ያንን ደስታ ማንም አይወስድብህም። ግን ልጅቷ አሁን ማንን እየወቀሰች ነው?»

«የማታውቀውን ሰው።»

«ታዲያ የማታውቀውን ሰው ስትረግም ከምትውል ሄደህ አሳውቃት። እኔ እዚህ ነኝ፤ የትም አልሄድም።»

ወጣቷ በነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ቅጽ ስትሞላ ነበር። ጋሽ ላሜራ ቆመው፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው፣ ሁሉንም ነገሯት። ምንም አላስቀሩም፤ በቀጮም አላሳበቡም። ሲጨርሱ «ጻፊው» አሉ። «ያሰረው እኔ እንደሆንኩ ጻፊ።»

ወጣቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፊቷ ቀላ። «ቅድም እንደዚያ በመናገሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታ የምጠይቅስ እኔ ነኝ። ጻፊ።»

«ቅጹ የሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ የለውም» አለች። «የሚጠይቀው ምን ተገኘ፣ ምን ተደረገ፣ ቀጥሎ መቼ ይታያል፣ እሱን ብቻ ነው። ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ከእርስዎ በኋላ በየዓመቱ አንድ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ቢያይ ኖሮ ሽቦው በመጀመሪያው ዓመት ይፈታ ነበር። ሰው ለጊዜው ብሎ የሚያደርገው ነገር አይጠፋም። የሚጠፋው ተመልሶ የሚያየው ሰው ነው። ምርመራ የሚባለውም ይኸው ነው።»

ጋሽ ላሜራ ጠረጴዛው ላይ ወደተዘረጋው የሕንፃው ሥዕል ጎንበስ አሉ። «ስንት ምላስ አለ በሥዕልሽ ላይ?»

«ሥዕሉ ግማሹ ጠፍቷል። በቀረው ላይ አሥራ ዘጠኝ ቆጥሬያለሁ።»

«ሃያ ሰባት ናቸው» አሉ። «ኋላ የተቀጠለው ክንፍ ሥዕል አልነበረውም፤ በቃል እየተነገረን ነው የሠራነው። ሥዕልሽ እኔ ነኝ። ነይ እንሂድ።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ የቤቱ ሰው የሚያየው አንድ ነገር ሆነ። ፊት ፊት ጋሽ ላሜራ፣ ከኋላ መሰላል የተሸከመች ወጣት። ኮርኒሱን በከዘራ ጫፍ ይነኩና «እዚህ» ይላሉ። ትከፍታለች፤ ምላሱ አለ። አንዳንዱን ሲደርሱበት ታሪክ አለው፤ እዚህ ጋ ቀጮ ከመሰላል ወድቆ ሲስቅ ነበር፤ እዚህ ጋ ዝናብ አግቷቸው አድረዋል፤ እዚህ ጋ ልኬት ስተው አንድ ሙሉ ላሜራ አበላሽተው ለአለቃቸው ደብቀዋል። ወጣቷ እየሳቀች በሥዕሉ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ከሃያ ሰባቱ አብዛኞቹ ሲፈቱ በደህና ወደቁ። ስምንቱ ግን አንዳንዱ ዝጎ፣ አንዳንዱ ከልብስ ማጠቢያው በሚመጣ የጨርቅ ብናኝ ታፍኖ ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሌላም አንድ የታሰረ ነበር፤ እሱ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ላሜራ ቀድመው «ይኼም የእኛ ነው» አሉ፤ ከታች ሆነው ፒንሳውን ያቀበሏትም እሳቸው ናቸው።

የዚህ ሁሉ ድካም ጥቅሙ ምንድን ነው የሚል ቢኖር፣ በዚያ ቤት ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየውን መንገር ይበቃል። ብናኙ ሲጠረግ በየፎቁ ለዓመታት ታፍነው የነበሩ ክፍሎች አየር አገኙ፤ ጡረተኛው ሾፌር መስኮት እየከፈተ ጎረቤቱን ማስነጠሱን ተወ። ዝገቱ ተፍቆ ግራሶ ተቀባ፤ ማያያዣዎቹ ሁሉ በአዲስ ተተኩ። ለእያንዳንዱ ምላስ ቁጥር ተሰጠውና ኮርኒሱ ላይ ተለጠፈ፤ ሥዕሉም ተሟልቶ በኃላፊዋ ክፍል ተሰቀለ። ነርሶቹ አልጋ ወደየትኛው በር እንደሚገፋ በተግባር ተለማመዱ። በየዓመቱም ምላሶቹ አንድ በአንድ እንዲፈተሹ ተወሰነ፤ በጣም ቢቆይ ለአንዱ ሩብ ሰዓት ነው። ከሁሉም በላይ ግን፣ መሮጥ የማይችል ሰው እሳት ቢነሣ ሊያሳድረው የሚችል ግድግዳ እንዳለው አውቆ መተኛት ቻለ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አረጋዊ በሌላ ሰው ቤት ሲኖር የሚጎድለው ዋናው ነገር «ቢከፋ ምን እሆናለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ማጣት ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ቀረ፤ በእትዬ ክፍል አጠገብ ያለው፣ ሽቦው መጀመሪያ የተገኘበት። ወሬው ተሰምቶ ስለነበር ከየክፍሉ ሰው ወጣ። ኮሪደሩ በተሽከርካሪ ወንበር ተሞላ። የቀድሞዋ መምህርት ሁሉንም ዝም አሰኘች። እትዬ ከነአልጋቸው ተገፍተው ከፊት ተቀመጡ።

ወጣቷ መሰላሉ ላይ ወጣች። መጀመሪያ የጭስ ማሽኗን ምድር ቤት አስነሥታ መጥታ ነበር፤ አሁን ማያያዣዋን አላቀቀቻት።

ጧ!

የብረቱ ድምፅ በኮሪደሩ ሙሉ አስተጋባ። ጋሽ ላሜራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ የዚያን ምላስ ድምፅ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው፤ ቀጮም ሳይሰማው እንደሄደ አሰቡ። ሁሉም ወደ ወንፊቱ አንጋጠጡ። አራት ደቂቃ ጠበቁ። አምስት። ስድስት። ምንም የመጣ ነገር የለም።

«ይኼው ነው?» አሉ እትዬ።

«ይኼው ነው፣ እማማ» አለች ወጣቷ ከላይ።

«ታዲያ እሳት ቢመጣ እኔን የት ትወስዱኛላችሁ?»

ነርሷ ትልቁን በር አሳየቻቸው። «ከዚያ ወዲያ እንገፋዎታለን። ሁለት ደቂቃም አይፈጅም።»

እትዬ በሩን፣ ከዚያ ወንፊቱን፣ በመጨረሻም ወንድማቸውን አዩ። «አንተስ? አንተ የት ትሆናለህ?»

«እኔማ አልጋሽን ከሚገፉት ጋር ነኛ።»

«በዚህ እግርህ?»

«ብርክ ቢለኝም ይዤሽ እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው እኔን ተዉኝ» አሉ እትዬ ወደ ነርሷ ዞረው፣ «ቀድማችሁ እሱን ግፉት።» ኮሪደሩ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ረገብ ሲል እትዬ የጋሽ ላሜራን እጅ ወደ አልጋቸው ጎተቱና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በል ያቺን ልጅ ምላሱን እንደገና ትጣለው በላት፤ ድምፁን ልስማው» አሏቸው።